ትልቁ አሳ ሲያመልጥ የክሩን ጫፍ እዩ

አምባዛ መንጠቆውን ይዞ ሲሄድ የብዙ ሰው እጅ ወዲያው ሌላ መንጠቆ ወደ ማሰር ይሮጣል። ቆዩ። ባዶውን የተመለሰውን ጫፍ መጀመሪያ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት፤ አሳው ለምን እንዳመለጠ የሚናገረው እሱ ነው።

ጫፉ እንደ እስክሪብቶ ሞላ ተጠምዝዞ ከመጣ ቋጠሮው ተንሸራቶ ተፈቷል። ጥፋቱ የአሳሪው ነው። ሻካራና የተላጠ ከሆነ ድንጋይ፣ ጉቶ ወይም የአሳው አፍ ፈግፍጎታል። የአምባዛ ጥርስ ደቃቅ ነው፤ ክር አይቆርጥም፣ እንደ ሞረድ ይበላል እንጂ። ክሩ ከመንጠቆው ብዙ ሜትር ርቆ መሃል ላይ ከተበጠሰ ወይ አርጅቷል ወይ ቀድሞ ተጎድቶ ነበር። መንጠቆው ተቃንቶ ከመጣ ብረቱ ቀጭን ነው ወይም የሪሉ (የክር መጠቅለያው) ፍሬን፣ ማለትም አሳው ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀው ክፍል፣ ከልክ በላይ ጠብቋል። ምንም ሳይሆን እንዳለ ከተመለሰስ? አልገባም ማለት ነው። የአምባዛ ላንቃ አጥንት ነው፤ የደነዘዘ መንጠቆ ላዩ ላይ ተንሸራቶ ይወጣል። የመንጠቆውን ሹል አውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱት፦ ከተንሸራተተ በሞረድ ይሳል ወይም ይጣል፣ ጥፍሩን ከያዘ ደህና ነው።

ከእነዚህ ጥፋቶች አብዛኞቹ የሚታረሙት ሐይቁ ዳር ሳይሆን ማታ ቤት ነው። ከፒያሳ ባቱ ድረስ 160 ኪሎ ሜትር ግድም ተነድቶ ዝዋይ ዳር ቋጠሮ መማር አይቻልም።

ክሩ። ለትልቅ አምባዛ 0.40 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናይለን ይበቃል፤ ደህናው 10 ኪሎ ያህል ይችላል። የዝዋይና የላንጋኖ ውሃ ድፍርስ ስለሆነ ወፍራም ክር አሳውን ያስደነግጣል ብላችሁ አትሳሱ። መርካቶ ስትገዙ ግን ጥቅሉ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ብቻ አትመኑ። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ናይለን ውስጡ ደክሟል፤ አንድ ክንድ ያህል ቆርጣችሁ እጃችሁን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ሳቡት።

ቋጠሮው። ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፉ፣ በራሱ ላይ 5 ጊዜ ጠምዝዙት፣ ጫፉን ቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ዓይን መልሱ፣ ከዚያ አሁን በተሠራው ትልቁ ዓይን አስገቡት። ከማጥበቃችሁ በፊት ምራቅ ቀቡት። ደረቅ ቋጠሮ ሲጠብቅ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይግላል፣ ናይለን ደግሞ ሙቀት አይወድም። ቀስ ብላችሁ አጥብቁ፣ 3 ሚሊ ሜትር ጫፍ ተዉለት፣ መንጠቆውን በፒንሳ ይዛችሁ በኃይል ሞክሩት። ቤት ውስጥ ቢፈታ እሰየው ነው።

አሁን ዋናው፣ ፍሬኑ። ሰው ሁሉ በእጁ ጎተት አድርጎ «ደህና ነው» ይላል፤ እጅ ግን ሚዛን አይደለም። ልኩ የክሩ አቅም ሩብ ነው፤ ለ10 ኪሎ ክር 2 ኪሎ ተኩል። ለዚህ ውሃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድና አንድ ባለ ግማሽ ሊትር በቂ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ እሰሩ፣ ክሩን በዘንጉ ቀለበቶች ሁሉ አሳልፋችሁ ከእነሱ ጋር ቋጥሩት። ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ ሃይላንዶቹን ታች ወለል ላይ ያስቀምጥ። ዘንጉን ወደ 45 ዲግሪ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ሃይላንዶቹ ከወለሉ ሊለቁ ሲሉ ክሩ መሸሽ ከጀመረ ልክ ነው። ክሩ ሳይንቀሳቀስ ከተንጠለጠሉ ጠብቋል፤ ሳይነሱ ክሩ ከሸሸ ላልቷል። ክሩ ሲሸሽ እየያዘ እየለቀቀ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፍሬኑ ዲስኮች ቆሽሸዋል ወይም ደርቀዋል፤ ያ መንቀጥቀጥ ነው ክር የሚበጥሰው።

አሳው ከተያዘ በኋላ ፍሬኑን አታጥብቁ። እንዲያውም ግማሹን ክር ይዞ ከሮጠ ትንሽ ማላላት ይሻላል፤ ሪሉ ላይ የቀረው ጥቅል እየቀጠነ ሲሄድ መጎተቱ በራሱ ይከብዳል። ክር እየሸሸ ሳለ እጀታውን አታዙሩ፣ ክሩን ከመጠምዘዝ በቀር አንድም አታመጡም። ሲቆም ዘንጉን አንሱ፣ ስታወርዱ ጠቅልሉ፣ ክሩ ግን እንዳይላላ። ወደ ፊላው ከሸሸ ዘንጉን በተቃራኒው ጎን ዝቅ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ጎኑን የተሳበ አሳ ይዞራል።

ባስ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ አሳ ከውሃው ዘሎ አፉን ከፍቶ ራሱን እያራገፈ መንጠቆ ይተፋል፤ የጫሞ ነጭ አሳም ይህ አመል አለበት። ሲዘል የዘንጉን ጫፍ ወደ እሱ ዝቅ አድርጉ፣ ውሃው ሲቀበለው ወዲያው የላላውን ሰብስቡ።

የመጨረሻው 2 ሜትር የብዙ ሰው እንባ ነው። ክሩ ስላጠረ የሚለጠጥ የለም፣ አሳው ደግሞ መረቡን ሲያይ እንደገና ይፈረጥጣል። መረቡን ቀድማችሁ ውሃ ውስጥ አስገቡና አሳውን በጭንቅላቱ በኩል ወደ መረቡ ምሩት፤ ከጭራው በኩል አታሳዱት። ክሩን በእጅ አትያዙ፣ በዘንግም አታንሱት፤ ውሃ ውስጥ ቀሎ የነበረው አሳ አየር ላይ ሙሉ ክብደቱን ይጥላል። ሲገባ መረቡን በጠርዙ ያዙና ወደ ዳር ሳቡ። የአምባዛን የጎን ክንፍ ተጠንቀቁ፣ እሾህ አለው። ለአሳ ብሎ ውሃ ውስጥ መግባት ደግሞ የለም፤ ዝዋይ ጉማሬ አለ።

ከእያንዳንዱ አሳ በኋላ የመጨረሻውን 1 ሜትር ክር በጣታችሁ መሃል አሳልፉ፤ ከሻከረ ቆርጣችሁ እንደገና ቋጥሩ። አዲስ አበባ ስትመለሱ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ አላሉት፤ ተጨቁኖ የከረመ ዲስክ በሚቀጥለው ጊዜ ይጣበቃል።