ለአደራ ልጅ የሚከፈለው ገንዘብ በማን እጅ ያልፋል?

«ኤጀንሲ ተመዝግበህ ልጅ ብታሳድግ መንግሥት ይከፍልሃል» የሚለው ወሬ አሜሪካ አዲስ የገባ ሰው ጆሮ ሳይደርስ አይቀርም። ጥያቄው በየሳምንቱ ስለሚመጣብኝ መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ መርጫለሁ።

ፎስተር ኬር፣ ማለትም ፍርድ ቤት ከወላጆቹ ለይቶ በመንግሥት ኃላፊነት ሥር ያደረገውን ልጅ በአደራ ቤተሰብ ማሳደግ፣ የክፍለ ግዛቱ ወይም የካውንቲው (በክፍለ ግዛቱ ሥር ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ሥራ ነው፤ ሆኖም ብዙዎቹ አሳዳጊ መመልመሉንና ማሠልጠኑን በውል ለግል ድርጅቶች (ኤጀንሲ ለሚባሉት) ይሰጣሉ፤ ካንሳስና ፍሎሪዳ ደግሞ ሥራውን በአብዛኛው ለእነርሱ አስረክበዋል። የገንዘቡ አንድ ክፍል የሚመጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ርዕስ አራት-ኢ ከሚባለው የፌዴራል ፈንድ ሲሆን፣ የልጁ ብቁነት የሚለካው እ.ኤ.አ. በ1996 በተሰረዘ የድጎማ ፕሮግራም የገቢ መስፈርት ነው። የተሰረዘ ፕሮግራም መስፈርቱ እንዴት በሥራ ላይ ይቆያል ብላችሁ አትድከሙ፤ ስሌቱ የክፍለ ግዛቱ እንጂ የአሳዳጊው ጣጣ አይደለም።

ለእናንተ የሚያሳስበው ተመኑ ነው። የአንድ ድርጅት መልማይ በቀን ይከፈላል ብሎ የነገረኝ መጠን፣ ክፍለ ግዛቱ ለድርጅቱ የሚከፍለው ሙሉ ሒሳብ እንጂ ለአሳዳጊው የሚደርሰው አልነበረም፤ የኬዝ ወርከሮች፣ ማለትም የልጁን ጉዳይ የሚከታተሉ ሠራተኞች ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይና የሥልጠና ወጪ የሚሸፈነው ከዚያው ላይ ነው። ድርጅቱ ለሥራው መከፈሉ ሌብነት አይደለም፤ ነውሩ ሁለቱን ቁጥሮች አምታቶ መናገሩ ነው። ልዩነቱን ያወቅሁት ሥልጠናው፣ የአሻራ ምርመራውና የቤት ፍተሻው ካለቀ በኋላ፣ ውሉ ፊቴ ሲቀርብ ነበር። በዚያ ሰዓት ወደ ሌላ ድርጅት ልዛወር የሚል ሰው ብዙውን ሒደት እንደገና ሊጀምር ስለሚችል፣ አብዛኛው ሰው ዝም ብሎ ይፈርማል። ስለዚህ አንድም ቅጽ ሳትሞሉ በፊት፣ በአሳዳጊው እጅ የሚገባው በቀን ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈልና ልጁ ሆስፒታል ቢተኛ ይቋረጥ እንደሆነ ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ በካውንቲው በቀጥታ ፈቃድ ያገኘ አሳዳጊ ከሚከፈለውም ጋር አነጻጽሩት።

ክፍያው ለልጁ ምግብ፣ ልብስና መኖሪያ የሚሰጥ ማካካሻ ስለሆነ በጥቅሉ የፌዴራል የገቢ ታክስ አይከፈልበትም፤ በዚያው ልክ ደመወዝ አይደለም። ፈቃድ ሰጪውም ቤተሰቡ ያለዚህ ገንዘብ ራሱን መቻሉን ያጣራል። ይህን እያወቁ በልጁ ተመን ተማምነው ሰፊ ቤት የሚከራዩ ወገኖቻችን ያናድዱኛል፤ የአብዛኛው መዝገብ የመጀመሪያ ግብ ልጁን ወደ ወላጆቹ መመለስ ነው፣ ልጁ በሄደበት ቀን ክፍያውም ይቆማል።

ድርጅቱ ክፍያ ቢያዘገይ ወይም ቃሉን ቢያጥፍ፣ ከመልማዩ ጋር መከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ ውሉን የሰጠውና ፈቃዱን የሚያድሰው የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ስለሆነ አቤቱታችሁን በጽሑፍ ለእርሱ አቅርቡ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤትም ሆነ ድርጅት ቋንቋው ለማይገባው ሰው ተገቢ የቋንቋ እርዳታ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት፣ አማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ፤ የጎረቤት ልጅ አታስተርጉሙ።