ከአሜሪካ ባህር ኃይል ወጥተህ ፓይለት መኮንን መሆን ካሰብክ (ጅማ ያላችሁ ቤተሰቦችም አንብቡት)

ዲቪ ደርሷቸው ከጅማ ሄደው የአሜሪካ ባህር ኃይል የገቡ ልጆች አሉ፣ መርከብ ላይ ቀለም ሲቀቡ ሞተር ሲጠግኑ ኮንትራታቸውን ይጨርሱና አንድ ቀን ደውለው "ፓይለት ልሆን ነው፣ ያውም መኮንን ሆኜ" ይላሉ። የኔም ታናሽ ወንድም እንደዛው ነው፣ እዚህ ያለውን የወረቀት ሩጫ ምሮጥለት እኔ ነኝ። ጓደኞቹም ቤተሰቦቻቸውም ስለሚጠይቁኝ በአንዴ ልጻፈውና ልገላገል። ባህር ኃይል ሲባል ምጽዋ ትዝ ሚላችሁ አባቶች ይቅርታ፣ ማወራው ስለ አሜሪካው ነው።

ሰው ሁሉ ሚጨነቀው ስለ ፈተናውና ስለ በረራው ነው። እኔ ሳየው ግን ከዚህ የሄደ ልጅ ሚሰናከለው ወረቀት ላይ ነው። ፈተና ብትወድቅ ደግመህ ትቀመጣለህ፣ የትውልድ ቀንህ ሁለት ቦታ ሁለት አይነት ሆኖ ከተገኘ ግን ደብዳቤ መላላኩ ብቻ ወራት ይፈጃል፣ የፓይለት እድሜ ጣሪያ ደግሞ ሰላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ቀድሞ ላገለገለ ሰው በልዩ ፈቃድ ትንሽ ይገፋል እንጂ ጨርሶ አይነሳም። ስለዚህ ጥናት ከመጀመርህ በፊት ወረቀቱን አስጀምር።

መጀመሪያ ዜግነት። በግሪን ካርድ ተራ መርከበኛ ሆነህ ማገልገል ትችላለህ፣ መኮንን ለመሆን ግን የአሜሪካ ዜጋ መሆን ግዴታ ነው፣ ድርድር የለውም። ብዙዎቹ ልጆች ገና ስልጠና ላይ እያሉ ጨርሰውታል፣ ያልጨረስክ ከሆንክ ደግሞ በፈረንጆቹ ከመስከረም 2001 ወዲህ በክብር ያገለገለ ሰው እንደሌላው አምስት አመት ሳይጠብቅ ኤን 400 ሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ፎርም ሞልቶ ማመልከት ይችላል፣ ክፍያም የለበትም። በኛ በኩል በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሰረት የሌላ ሀገር ዜግነት ስትወስድ የኢትዮጵያው ይቀራል። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ማውጣት ትችላለህ፣ እሱንም ግን ፎርም ላይ ትጽፈዋለህ፣ እመለስበታለሁ።

ከዛ ዲግሪ። ለባህር ኃይልም ለአየር ኃይልም የመጀመሪያ ዲግሪ ያስፈልጋል፣ የግድ ኤሮኖቲክስ ምናምን አይደለም፣ አካውንቲንግም ይሆናል፣ ውጤትህ ግን ይታያል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀህ የሄድክ ከሆነ ዲግሪህ እዛ የውጭ ትምህርት ሚገመግም ድርጅት ጋር ቀርቦ ከአሜሪካ ባችለር እኩል ነው መባል አለበት፣ ለዛ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ መውጣት አለበት፣ ለዛ ደግሞ ኮስት ሼሪንግህ መከፈል አለበት፣ አንተ እዚህ ስለሌለህ ደግሞ ሚሮጥልህ ሰው ውክልና መያዝ አለበት። ውክልናው ከኤምባሲ ሲላክ "ጉዳዬን ይከታተልልኝ" ተብሎ በደፈናው አይጻፍ። ትራንስክሪፕት ማውጣት፣ ኮስት ሼሪንግ መክፈል፣ የልደት ሰርተፊኬት ማውጣትና ማረጋገጥ እያለ አንድ በአንድ ይዘርዝር፣ መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ "ይሄ እዚህ ላይ የለም" ካለ አለቀ፣ እንደገና ከዋሽንግተን ይጀመራል። ቂጦ ፉርዲሳ የተማራችሁ ልጆች የመታወቂያ ቁጥራችሁንና የገባችሁበትን አመት አብራችሁ ላኩልን እንጂ፣ በስም ብቻ ፋይል አስፈልጎ ማግኘት ስቃይ ነው፣ አንድ አይነት ስም ስንት አለ። ሳይጨርስ ትምህርት አቋርጦ የሄደ ደግሞ የጂአይ ቢሉን (ላገለገለ ወታደር ሚሰጠውን የትምህርት ክፍያ) 36 ወር ለዲግሪው ያውለው፣ መኪና ከመግዛት ይሻላል።

አሁን ዋናው፣ የትውልድ ቀን። የአስረኛ ክፍል ካርድህ ላይ፣ የቀበሌ መታወቂያህ ላይ 1987 ተብሎ ተጽፏል እንበል፣ ዓ.ም ሚለው አንዳንዴ አለ አንዳንዴ የለም። መስከረም 1 ቀን 1987 ማለት በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1994 ነው። አንድ ተርጓሚ 1987ን እንዳለ ገልብጦ ካስቀመጠው በአንድ ብዕር ሰባት አመት አረጀህ፣ ከፓይለት እድሜም ወጣህ ማለት ነው፣ ያውም ወታደራዊ መዝገብህ ላይ ካለው ጋር ስለማይገጥም አንዱን ቦታ የዋሸህ ትመስላለህ። ልዩነቱ ደግሞ አመቱን ሙሉ አንድ አይደለም፣ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ አዲስ አመት ድረስ 7 ነው፣ ከዛ በኋላ 8 ይሆናል፣ ሚያዝያ 1987 የተወለደ ልጅ 1995 ነው እንጂ 1994 አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ወረቀት ከመላካችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ አስሉ። የትርጉም ቢሮው ከአፋን ኦሮሞ ወይ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲያዞረው የቀን አቆጣጠሩን ጎን ላይ በግልጽ እንዲጽፍ አድርጉት፣ እዛው ቆማችሁ አንብቡት፣ ቤት ወስዶ ማየት ዋጋ የለውም። እና በነገራችን ላይ፣ ዲቪ ሲሞላ እድሜ የቀነሰ ወይ የጨመረ ካለ እዚህ ሌላ ሰርተፊኬት አሰርቼ ላስተካክለው እንዳይል፣ በግልጽ ለሪክሩተሩ፣ ማለትም ለወታደር መልማዩ፣ እና ለህግ አማካሪ ይናገር። ሁለተኛ ወረቀት ማሰራት ከመጀመሪያው ስህተት የባሰ ጣጣ ነው።

ኤስኤፍ 86 ሚሉት ፎርም ደግሞ አለ። ኦፊሰር ፓይለት ሲክሬት ነገር ሚያይ ሰው ስለሆነ ጀርባው ይጠናል፣ መርከበኛ እያለህ ሞልተህ ይሆናል፣ እንደገና ትሞላለህ። እናት አባት ወንድም እህት፣ በህይወት ያለም የሌለም፣ ሙሉ ስም፣ የተወለደበት ቀንና ቦታ፣ አድራሻ፣ ዜግነት። እዚህ ጋ ቤተሰብ ሚያግዘው። የእናታችሁን የትውልድ ቀን ማን ያውቃል? "ጣልያን በወጣ በስንተኛው አመት" ምናምን ነው መልሱ። ፎርሙ ላይ ግምት ነው ብሎ ምልክት ማድረጊያ አለ፣ ዝም ብለህ ጃንዋሪ 1 ብለህ እርግጠኛ መስለህ ከምትጽፍ እሱን ተጠቀም። አድራሻ ላይም "ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ከፋርማሲው ጀርባ" አይሆንም፣ ቀበሌና የቤት ቁጥር ይላክለት። ስሙ ደግሞ ለነሱ ግራ ነው፣ የእናትህ "ላስት ኔም" ካንተ ይለያል፣ ምክንያቱም የሷ አባት ስም ነው፣ ይሄን ማብራሪያ ቦታው ላይ በሁለት መስመር ጻፍላቸው።

ብዙ ሰው ሚዘላት ጥያቄ አለች፣ ለውጭ ሀገር ዜጋ ገንዘብ ልከህ ታውቃለህ ወይ ትላለች። ታውቃለህ እንጂ! ለእናትህ በየወሩ ምትልከው፣ ለአክስትህ ህክምና፣ ለአረፋና ለገና ሁሉ ይገባል። መላኩ ጥፋት አይደለም፣ መደበቁ ነው ጥፋት። በባንክ የላክከው ደረሰኝ ስላለው ቀላል ነው፣ በሰው እጅ በጥቁር ገበያ የላክከው ግን ስታስረዳ ላብ ያጠምቅሃል፣ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በባንክ ብቻ ላክ፣ እዚህ ያላችሁም "ምንዛሬው ይሻላል" እያላችሁ አትገፋፉት። በስሙ የተገዛ ቦታ ወይ ቤት ካለ ይጻፋል። ፓስፖርትና ለጉዞ ሚያገለግል የሌላ ሀገር መታወቂያም ይጠየቃል፣ ቢጫ ካርዱን ያልኩት ለዚህ ነው። ሰባት አመት ወደኋላ ተመልሶ ቅርብ ግንኙነት ያለህን የውጭ ዜጋም ይጠይቃል፣ እንግዲህ በየቀኑ በቴሌግራም ምታወራው የሰፈር ጓደኛህም እዛ ውስጥ ነው።

ወረቀቱ እየሄደ እያለ በሩን ምረጥ። በሰፈርህ ያለ ተራ ሪክሩተር ጋ ብትገባ እንደገና ተራ መርከበኛ አድርጎ ሊያስፈርምህ ይሞክር ይሆናል፣ የሱ ስራ እሱ ነው፣ አንተ ምትፈልገው ኦፊሰር ሪክሩተር ሚባለውን ነው። ዲዲ 214ህን፣ ከውትድርና ስትወጣ የተሰጠህን ወረቀት፣ ይዘህ ግባ፣ አጭሩን ኮፒ አይደለም፣ ሜምበር 4 ሚባለውን፣ ምክንያቱም ተመልሰህ መግባት ትችላለህ አትችልም ሚለው አርኢ ኮድ እዛ ላይ ነው ያለው። ስትገባ የፈረምከው ደግሞ በጠቅላላው 8 አመት ነው፣ አራቱን ሰርተህ ብትወጣም ስምህ ሪዘርቭ (ተጠባባቂ) መዝገብ ላይ ሊኖር ይችላል፣ ወደ አየር ኃይል ወይ አርሚ (ምድር ጦር) ልትዞር ከሆነ ዲዲ 368 ሚባል መልቀቂያ ያስፈልግሃል፣ እሱም ጊዜ ይወስዳል።

በባህር ኃይል በኩል የመኮንን ማሰልጠኛው ኦሲኤስ ነው፣ ኒውፖርት ሮድ አይላንድ፣ 13 ሳምንት። በአየር ኃይል ማሰልጠኛው ኦቲኤስ ነው፣ አላባማ ማክስዌል። ኤር ናሽናል ጋርድን (በየስቴቱ ያለውን የአየር ኃይል ተጠባባቂ ጦር) ብዙ የኛ ልጆች አያውቁትም፣ እዛ ስኳድሮኑ፣ የበረራ ቡድኑ ማለት ነው፣ ራሱ ነው ፓይለቱን ሚመርጠው፣ ሄደህ ሰዎቹን ትተዋወቃለህ፣ ቀድሞ ያገለገለ ሰው ደግሞ ደስ ይላቸዋል፣ እኔ ወንድሜን ብሆን እዚህ ላይ ነበር ጉልበቴን ማፈሰው። ዲግሪ የሌለው ደግሞ በአርሚ ዋራንት ኦፊሰር (ከመኮንን ዝቅ ከተራ ወታደር ከፍ ያለ የሙያ ማዕረግ) ሆኖ ሄሊኮፕተር ማብረር ይችላል፣ ሌተናንት አትባልም ግን ታበራለህ። እዛ ሲፍት ሚባለው ፈተና ማለፊያው 40 ነው፣ እድሜ ልክህን ሁለቴ ብቻ ነው ምትቀመጠው፣ አንዴ ካለፍክ ደግሞ ውጤት ላሻሽል ማለት የለም።

የባህር ኃይሉ ፈተና ኤኤስቲቢ ነው። በእድሜ ልክ ሶስቴ፣ ከመጀመሪያው በኋላ 30 ቀን፣ ከሁለተኛው በኋላ 90 ቀን ትጠብቃለህ፣ መርከብ ላይ እያለህ "እስኪ ልየው" ብለህ የወሰድከውም ይቆጠራል። ሂሳብ፣ ንባብ፣ መካኒካል (ፑሊ፣ ጥርስ ማርሽ፣ ማንሻ)፣ የአቪዬሽንና የባህር እውቀት አለው። ባህሩን ታውቀዋለህ፣ በግራ ቀይ በቀኝ አረንጓዴ መብራት አውሮፕላንም ላይ ያው ነው፣ የአቪዬሽኑን የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን) መማሪያ በነጻ ኢንተርኔት ላይ አለ። ሰው ሚያላብበት የኮምፒውተሩ ክፍል ነው። ካርታ ላይ አውሮፕላንህ በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ ያሳይህና ከካሜራው እይታ ላይ የሰሜኑን ፓርኪንግ ምረጥ ይልሃል፣ በሰከንዶች። ቤት ውስጥ እንዲህ ተለማመድ፦ ከአባ ጅፋር ኤርፖርት ተነስተህ ወደ ምዕራብ እየበረርክ ነው፣ ሰሜን የት ነው? በቀኝህ። ወደ ደቡብ ምስራቅ ስትዞርስ? ከኋላህ በግራ በኩል። ጣትህን ሳታነሳ እስክትመልስ ድረስ ደጋግመው። ቀጥሎ በጆሮ ማዳመጫ በግራና በቀኝ የተለያየ ፊደልና ቁጥር ይነበብልሃል፣ የታዘዝከውን ጆሮ ብቻ ሰምተህ ኢተጋማሽ ቁጥር ሲመጣ አንዱን ቁልፍ፣ ተጋማሽ ሲመጣ ሌላውን ትጫናለህ፣ ከዛ ይሄው እየቀጠለ ጆይስቲክና ስሮትል (የሞተር ጉልበት መቆጣጠሪያ) ይዘህ ስክሪን ላይ ሚሸሽ ምልክት ታባርራለህ። ርካሽ ጆይስቲክ ገዝተህ ቤትህ ካልተለማመድክ እጅህ አይታዘዝም።

የአየር ኃይሉ ፈተናዎች ኤኤፍኦኪውቲና ቲባስ ናቸው፣ ተደምረው ፒሲኤስኤም ሚባል ከ1 እስከ 99 ነጥብ ይሰጡሃል፣ የበረርክበት ሰዓት ነጥቡን ከፍ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ትንሽ ገንዘብ ካለህ የትንሽ አውሮፕላን ትምህርት ጀምር።

ህክምናው ላይ ብዙ አልቆይም። መነጽር በራሱ አይጥልህም፣ ተስተካክሎ 20/20 መሆን አለበት፣ የሌዘር ቀዶ ጥገናም በፈቃድ ይታለፋል፣ ቀለም መለየት ካቃተህ ግን ከባድ ነው። ተቀምጠህ ያለህ ቁመትና የእጅህ ርዝመት ሁሉ ይለካል። አስም ከ13 አመት በኋላ ከነበረ ችግር ነው፣ እና እዚህ እናቶች ክረምት ላይ ለያዘ ሳል ሁሉ "አስም ነበረበት" ይላሉ፣ ስለዚህ ደውለህ በደንብ ጠይቅ፣ ስንት አመትህ ነበር፣ ሀኪም ነው ያለው ወይስ ጎረቤት፣ የክሊኒክ ካርድ ካለ ይፈለግ። ያለውን እንዳለ ተናገር።

በባህር ኃይል ከተመረጥክ በኋላ ፔንሳኮላ ፍሎሪዳ ትሄዳለህ፣ ከዛ ቲ 6 ሚባል ማሰልጠኛ አውሮፕላን ላይ መሰረታዊ በረራ፣ ከዛ እንደ ውጤትህና እንደ ፍላጎታቸው ጄት ወይ ሄሊኮፕተር ወይ ባለ ብዙ ሞተር። ከ4 አመት በላይ አክቲቭ (በሙሉ ጊዜ) ያገለገልክ ከሆነ ደሞዝህ ኦ 1 ኢ ሚባለው ደረጃ ነው፣ ከኮሌጅ ቀጥታ ከመጣው ልጅ ይበልጣል፣ ይሄን ማንም አይነግርህም። ግዴታው ግን ረጅም ነው፣ አየር ኃይል ክንፍ (የፓይለት ምልክት) ካገኘህ ቀን ጀምሮ 10 አመት ይይዝሃል፣ ከሚስትህ ጋር ተነጋገር። ጅማ መምጣትም እንደበፊቱ ትኬት ቆርጦ ከች ማለት አይሆንም፣ ውጭ ሀገር ከመሄድህ በፊት አሳውቀህ ማስፈቀድ አለብህ፣ ስለዚህ ሰርግ ያላችሁ ቤተሰቦች ቀኑን ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ወራት ቀደም ብላችሁ ንገሩት።