ፍራፍሬና አበባ የሚሸት ሽቶ ቆዳ ላይ ሲያስቸግር

ሲረጭ ፖም ፖም ይል ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ጠፋ
"ፎርጅድ ሸጡልኝ" ለማለት አትቸኩሉ። የፖም ሽታ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ቀላል ስለሆኑ ቶሎ ይተናሉ። የብርቱካንና የሎሚ ሽታም ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ከዚያ ጽጌረዳው ወይም ጃስሚኑ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ሙስክ (ለስለስ ያለ፣ የሚቆይ መዓዛ)፣ ቫኒላ ወይም እንጨት እንጨት የሚል ነገር ይቀራል። አብሯችሁ የሚውለው እሱ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ክንዳችሁ ላይ ረጭታችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቁ። ወረቀት ላይ ማሽተት አይበቃም።

ፍራፍሬው እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ኮክ ያለበትን ምረጡ። የኮክን ሽታ የሚሰጠው ጋማ አንደካላክቶን ከበድ ስለሚል ለሰዓታት አይለቅም። የፈረንሳዩ ሽቶ ሠሪ ጌርላን በ1919 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሚትሱኮ የሚባል ሽቶ የታወቀበት የኮክ ሽታ ከዚሁ የመጣ ነው።

ደረቅ ቆዳ ላይ ሁሉም ነገር ይፈጥናል። አስቀድማችሁ ሽታ የሌለው ሎሽን ወይም ስስ ቫዝሊን ተቀቡ።

ድመት የሸናበት ይመስላል
ቢያስቅም እውነት ነው። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ብላክከረንት የሚባለው ጥቁር ትንሽ ፍሬ ነው። የእምቡጡ መዓዛ ውስጥ ድኝ ያለበት ንጥረ ነገር አለ፤ ድመት ሽንት ውስጥም ዘመዱ ይገኛል። በትንሹ ሲገባ ፍሬውን አሁን የተቀጠፈ ያስመስለዋል፤ ሲበዛ ግን ጉድ ነው። አንዴ ብቻ ርጩና አፍንጫችሁን ሳትለጥፉ ራቅ አድርጋችሁ አሽትቱት። ሩብ ሰዓት ቆይቶም ካልለቀቀ ተዉት፤ ሌላ ሰው ላይ ያምር ይሆናል።

ከረሜላ ከረሜላ እያለ ያቅለሸልሻል
ጣፋጭ ሽታ ለመስጠት ሽቶ ውስጥ የሚገባው ኤቲል ማልቶል የተቃጠለ ስኳር ይሸታል፤ ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል። መጠኑን ቀንሱ። ሎሽናችሁም ቫኒላ እንዳይሆን እዩ።

ለእናንተ አይሸታችሁም፣ ሌላው ሰው ግን ይሸተዋል
አፍንጫችሁ ለምዶት ነው። አንዳንድ ሙስኮችን ደግሞ ጭራሽ የማያሸት ሰው አለ። ደግማችሁ ከመርጨታችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለውን ጠይቁ፤ ሊፍት ውስጥ የሚታፈነው እሱ ነው።

የከረመው ሽቶ ሲረጭ ይኮመጥጣል
ብርሃን፣ ሙቀትና አየር አበላሽቶታል። ቀድሞ የሚበላሸው መጀመሪያ የሚወጣው ሽታ ነው። ጥቂት ቆይቶ አበባው ደህና ሆኖ ከወጣ ተጠቀሙበት፤ ቆዳችሁን ካሳከከ ግን ጣሉት። አዲሱን መስኮት ዳር ወይም መታጠቢያ ቤት አታስቀምጡት። ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ክተቱት።