ቀለሃው እያበራ ጥይቱ ሲከሽፍ፦ የታምብለር መወልወያ ችግርና መፍትሄ

ጥይት ራሳችን መልሰን የምንሞላ ሐበሾች እዚህ ቨርጂኒያ ብዙ አይደለንም። ስለዚህ የአንዱ ችግር ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል። ወሬው ሲጀመር ስለ ፕራይመር (ቀለሃው ቂጥ ላይ ሆኖ ሲመታ እሳት የሚሰጠው) ወይም ስለ ባሩድ ነው። ሲጨረስ ግን ታምብለር (ባዶ ቀለሃ እያሽከረከረ የሚያጸዳው ማሽን) ውስጥ የገባው መወልወያ፣ ማለትም የተፈጨ ቆረቆንዳና የመሳሰለው፣ ሆኖ ይገኛል። ማሽኑ ከልክ በላይ እንዳልተሞላ፣ ቀለሃው በየዓይነቱ እንደተለየ፣ ብረት የሆነው በማግኔት ተለቅሞ እንደወጣ ልቁጠረው። ያን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ምልክት፦ ቀለሃው እንደ ወርቅ ያበራል፤ ፕራይመሩ ተመትቷል፤ ጥይቱ ግን ይከሽፋል ወይም ዘግይቶ ይተኩሳል

ሁሌም የማየው ይሄን ነው። ምክንያቱ ከፕራይመሩ ወደ ባሩዱ እሳት የሚያልፍባት ቀዳዳ ውስጥ የተሰነቀረ ፍሬ ነው። ቀዳዳዋ በአብዛኞቹ ቀለሃዎች 2 ሚሊሜትር ገደማ ናት። እሷ ከተደፈነች እሳቱ መንገድ የለውም።

የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ የሚሸጠው በወንፊት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬው ይደቃል። 14/20 የሚባለው ከ0.84 እስከ 1.41 ሚሊሜትር ይሆናል። አንድ ፍሬ ብቻውን ያልፋል። ሁለቱ እኩል ሲደርሱ ግን ይተጋገዙና እዚያው ይቀራሉ። 20/40 ከ0.42 እስከ 0.84 ሚሊሜትር ነው፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይፈሳል። ስለዚህ ቆረቆንዳ ስትገዙ 20/40 ግዙ። ከረጢቱ ላይ ቁጥር ካልተጻፈ ተዉት።

ባለፈው ኅዳር፣ የአጋዘን አደን ወቅት ላይ፣ አንድ ትልቅ ሰው ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ፕራይመር አርጅቷል መሰለኝ። ሦስቱ ከሸፉብኝ።»

«ጋሼ፣ ቀለሃውን በምን ነው ያጸዱት?»

«ያው በቆረቆንዳ ነዋ! ሁለት ጊዜ ነው ያጸዳሁት።»

ሁለት ጊዜ ሲሉኝ ገባኝ። ቤታቸው ሄጄ የከሸፉትን አረሩን ከቀለሃው በሚያላቅቀው መዶሻ ፈታናቸው። አረሩ ወጣ፤ ባሩዱ ሳይነካ ወጣ። መብራት ይዤ በቀለሃው አፍ በኩል አየሁ። ታች ላይ ትንሿ ቀዳዳ መታየት ነበረባት፤ ተደፍናለች። በቀጭን ሽቦ ስጭረው ሁለት ቢጫ ፍሬዎች ተጣብቀው ወጡ። ጋሼ መዳፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያ የቀሩትን 47 ጥይቶች በሙሉ ፈታን። አምስቱ ላይ ያው ነገር ተገኘ።

ሁለት ጊዜ ማጽዳት ለምን ያመጣዋል? በመጀመሪያው ዙር አሮጌው ፕራይመር ቦታው ላይ ስላለ ቀዳዳዋ በአንድ ጎን ዝግ ናት። ገብቶ የሚቀር ፍሬ ቢኖርም ቀጥሎ ቀለሃው ዳይ (ወደ ልኩ የሚመልሰው ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ሲገባ የፕራይመር ማውጫው ፒን ገፍቶ ያወጣዋል። ችግሩ ከዳይ በኋላ፣ ዳይ ውስጥ እንዳይነክስ የተቀባውን ቅባት ለማስለቀቅ ተብሎ የሚደረገው ሁለተኛ ዙር ነው። አሁን ቀዳዳዋ በሁለቱም በኩል ክፍት ናት፤ ከዚህ በኋላ የሚያልፍባት ፒን ደግሞ የለም። የገባው ፍሬ እዚያው እንዳለ ባሩድ ይሞላበታል።

መፍትሄው ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ዙር ፕራይመሩ ሳይወጣ አድርጉት። ቅባቱን በጨርቅ ወይም በሙቅ ውሃና በሳሙና አስለቅቁት። የግድ ታምብለር ካላችሁ በ20/40 ብቻ፣ ለግማሽ ሰዓት። ከዚያ እያንዳንዱን ቀለሃ በመብራት እዩ። እያንዳንዱን! «ናሙና አይቻለሁ» የሚለኝን ሰው አልሰማውም። አንድ መቶ ቀለሃ ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ 20/40 የተጻፈበት ከረጢት ገዝቼ ውስጡ ግማሹ ወፍራም ፍሬ ነበር። ሻጩ «ትራንስፖርት ላይ ተቀላቅሎ ይሆናል» አለኝ። የታሸገ ከረጢት ውስጥ ምን ይቀላቀላል? ገንዘቤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ከረጢት ስከፍት አንድ እፍኝ ነጭ ሰሃን ላይ ዘርግቼ አያለሁ። እንደ ቅንጬ የሚመስል ካለበት ወደ ማሽኑ አይገባም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጥይት ሲከሽፍ ጠመንጃውን ወዲያው አትክፈቱ። አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደዞረ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ዘግይቶ የሚተኩስ ጥይት ክፍት ጠመንጃ ውስጥ ከፈነዳ ዓይን ያጠፋል።

ምልክት፦ ቀለሃው ውስጥ ጓል ተጣብቋል

ፈሳሽ ፖሊሹን ቀለሃው ከገባ በኋላ ስላፈሰሳችሁት ነው። ፖሊሹን ባዶው ቆረቆንዳ ላይ ጨምሩ፤ ጓሉ እስኪጠፋ ለ20 ደቂቃ ያህል አሽከርክሩት። ቀለሃው ከዚያ ይግባ። ጓል የቀረበት ቀለሃ የውስጥ ቦታው ይጠብባል፤ ግፊቱም ይጨምራል። በቸልታ አይታለፍም።

ምልክት፦ ሰዓታት ቢሽከረከርም ጥቁሩ አይለቅም

ቆረቆንዳ ያሳምራል እንጂ ጠንካራ ቆሻሻ አያስለቅቅም። ለዚያ የተፈጨ የዎልነት ቅርፊት ይሻላል። የቤት እንስሳት መደብር ውስጥ ለእንሽላሊት መኝታ ተብሎ የሚሸጠው ያው ነው፤ ዋጋውም ይረክሳል። ቀይ ዱቄት የተቀባውን ግን አትግዙ፤ ዱቄቱ የፕራይመር መቀመጫ ውስጥ ይጋገራል፣ ጣትም ልብስም ያቀላል። መወልወያው ራሱ ጠቁሮ ከሆነ ደግሞ ጊዜው አልፏል፤ ጣሉት።

ሩዝ ይሆናል ወይ፣ ጤፍስ ብለው የጠየቁኝም አሉ። እህል ነው፤ ተዉት። እርሳስ የነካውን እህል በኋላ ለዶሮም አትሰጡትም።

ምልክት፦ ክዳኑ ሲከፈት ብናኝ ይነሳል

ብናኙ ከፕራይመር የመጣ እርሳስ አለበት። ቤት ውስጥ አትሥሩ። ወጥ ቤት ውስጥ ፈጽሞ። ልጆች ያሉበት ጋራዥ ውስጥም ቢሆን ክዳኑ ሳይዘጋ አታሽከርክሩ። የልብስ ማድረቂያ ውስጥ የሚገባውን ስስ ጨርቅ ቆራርጣችሁ ብትጨምሩ ብናኙን ይሰበስባል፤ በየዙሩ ቀይሩት። ቀለሃውን ከመወልወያው ስትለዩ ማስክና ጓንት አድርጉ። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ልብሳችሁን ከልጆቹ ልብስ ጋር አትጠቡት። በጓንት እጅ ስልክ የሚያነሳ ሰው አይቻለሁ፤ ያ ስልክ በኋላ ልጁ እጅ ይገባል።

ምልክት፦ ቀለሃው ሮዝ ቀለም አወጣ

ነሐሱ 70 ከመቶ መዳብ፣ 30 ከመቶ ዚንክ ነው። አሲድ ሲበዛበት ዚንኩ ይለቅና መዳቡ ይታያል። አቼቶ ውስጥ ያሳደሩት ሰዎች የሚያመጡልኝ ይሄን ነው። በውሃ ስታጸዱ ለ4 ሊትር ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድና ትንሽ የዕቃ ሳሙና ይበቃል። ቀለሙ ተወልውሎ ካልለቀቀ ቀለሃውን ጣሉት።

ምልክት፦ ቀለሃው ሳይተኮስ ተሰነጠቀ

አሞኒያ ያለበት የነሐስ ፖሊሽ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድ ውስጥ የእንግሊዝ ጦር ጥይቶች በዝናብ ወራት ፈረስ ጋጣ ተቀምጠው ይሰነጠቁ ነበር። ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ነበር የሚበላቸው። ምክንያቱ በ1921 እ.ኤ.አ. በጥናት ተብራራ። ዛሬም ለቤት ዕቃ የተሠራ ፖሊሽ ታምብለር ውስጥ የሚጨምር አለ። ጠርሙሱ ላይ አሞኒያ የሚል ካያችሁ ቀለሃ አጠገብ አታድርሱት።

ምልክት፦ በውሃ ካጸዳችሁ በኋላ ፒን ውስጥ ቀረ

በውሃ ሲታጠብ ለመፈተግ ከቀለሃው ጋር የሚገባው የተለመደው የስቲል ፒን ወፍራምነቱ 1.2፣ ርዝመቱ 6.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። .223 የሚባለው የጥይት ዓይነት ቀለሃ አንገቱ ከውስጥ ደግሞ 5.7 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ፒኑ አግድም ይጣበቃል። ለ.223 አጫጭሩን ፒን ግዙ ወይም ያለ ፒን እጠቡ። ቀለሃውን ደፍታችሁ አራግፉ፤ ከዚያ እንደገና በመብራት እዩ። የቀረ ፒን በአፈሙዝ ሲወጣ ጠመንጃውን ያበላሻል። ለማድረቅ ሁለት ቀን አየር ላይ ይሰጣ፣ ወይም ለዚሁ ብቻ የተገዛ የፍራፍሬ ማድረቂያ ይሁን። ምግብ የምትጋግሩበት ኦቨን ውስጥ አይገባም።

ምልክት፦ የፕራይመር ማውጫው ፒን ተሰበረ

ሁለት ትናንሽ ቀዳዳ ያለው ቀለሃ ገብቷል። ለይታችሁ አስወጡት፤ አዲስ ፒን ከማስገባታችሁ በፊት የቀሩትን ቀለሃዎች በመብራት እዩአቸው።