ሜይል ይገባል፣ አይወጣም፦ የሜይል ሰርቨር ፖርት ችግሮችና መፍትሄያቸው

ሰርቨሩ መነሳቱን፣ ዲኤንኤሱም በትክክል መሞላቱን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ሜይል ይገባል፣ ወደ ውጭ ግን አይሄድም።

አብዛኛውን ጊዜ የሚደወልልኝ ለዚህ ነው። ኪው (የመላኪያ ወረፋ) ውስጥ ሜይሎቹ ተደርድረዋል፤ ከየአንዳንዱ ስር «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» ይላል። ሰው ወዲያው ሜይል የሚያመላልሰውን ፕሮግራም፣ ፖስትፊክስን ይጠረጥራል። አንዱ ወዳጄ ሌሊቱን ሙሉ ሦስት ጊዜ አጥፍቶ ጭኖታል። ፖስትፊክስ ምን አጠፋ?

ምክንያት፦ ሜይል ሰርቨር ከሜይል ሰርቨር የሚያወራው በፖርት 25 ነው (ፖርት ማለት ቁጥር ያለው የግንኙነት በር ነው)። ብዙ የክላውድ አከራዮች ስፓም ለመከላከል ወደ ውጭ የሚወጣውን 25 ይዘጋሉ። የሚገባው ክፍት ስለሆነ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል።

ከሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ የሌላ ሜይል ሰርቨር 25ን በቴልኔት (ፖርት ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ ትዕዛዝ) ሞክሩ። 220 ብሎ ከመለሰ መንገዱ ክፍት ነው። ዝም ካለ ተዘግቷል። ከላፕቶፓችሁ ግን አትሞክሩ! የቤት ኢንተርኔትም ብዙ ጊዜ 25ን ይዘጋል። እኔ በዚህ ተሸውጄ አንድ ከሰዓት አቃጥያለሁ።

መፍትሄ፦ አከራዩ እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ በፖርት 587 የሚቀበል ሪሌይ (ሜይላችሁን ተቀብሎ የሚያደርስላችሁ ሌላ ሰርቨር) ያዙና የፖስትፊክስ ሴቲንግ ውስጥ «ሪሌይሆስት» የሚለው መስመር ላይ አስገቡት። የሪሌዩን ስም በማዕዘን ቅንፍ ክበቡት፤ አለዚያ ፖስትፊክስ ኤምኤክስ (የዶሜይኑን ሜይል ተቀባይ የሚጠቁም የዲኤንኤስ መዝገብ) ፍለጋ ይሄዳል። ዩዘርና ፓስዎርዱንም አትርሱ።

እባካችሁ፣ ሲጨንቃችሁ «ማይኔትዎርክስ» (ያለ ፓስዎርድ በሰርቨሩ እንዲልኩ የሚፈቀድላቸው አድራሻዎች ዝርዝር) ውስጥ ዓለምን በሙሉ አታስገቡ። አንድ ሰው እንዲህ አድርጎ ተኛ። ሲነጋ ኪዩ በማያውቃቸው ሰዎች ማስታወቂያ ተጨናንቋል፣ አይፒው ጥቁር መዝገብ ገብቷል። ከመዝገቡ መውጣት ፖርት ከማስከፈት በላይ ያደክማል።

ምልክት፦ የራሳችሁ ሰርቨር 587 (ሜይል ፕሮግራሞች የሚላከውን የሚያስረክቡበት ፖርት) ላይ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ»።

ብዙውን ጊዜ ፖርቱ ላይ የሚሰማ የለም ማለት ነው። የፖስትፊክስ ሴቲንግ ፋይል በሆነው ማስተር ዶት ሲኤፍ ውስጥ «ሰብሚሽን» ከሚለው መስመር ፊት ያለውን # አንሱ። ከስሩ ካሉት አማራጮችም ኢንክሪፕሽንና ሎጊን የሚያስገድዱትን ክፈቱ። ከዚያ ሪስታርት።

ምልክት፦ «ሮንግ ቨርዥን ነምበር»።

465 ከመጀመሪያው ቃል የተመሰጠረ ነው። 587 በግልጽ ጀምሮ በስታርትቲኤልኤስ (ምስጠራን የሚያስጀምር ትዕዛዝ) ይመሰጠራል። ሜይል ፕሮግራሙ ላይ አቀያይራችኋቸዋል።

የገባ ሜይል የሚነበብበት ፖርት 993 ሰርቨሩ ላይ ክፍት ሆኖ ከውጭ ካልተገኘ፣ የክላውዱን ፋየርዎል እዩ። የሰርቨሩ ፋየርዎል ሌላ፣ እሱ ሌላ።