ጥንቸሏ የቻርጀር ገመድ እየበላች ላስቸገረቻችሁ

ጥንቸል ቤት ልታስገቡ ያሰባችሁ ይቺን አንብቡ። የኔዋ በገባች በ4 ቀኗ 2 የቻርጀር ገመድና የዋይፋዩን ገመድ ቆርጣ ጣለችው፣ ደግነቱ ቻርጀሮቹ ሶኬት ላይ አልነበሩም።

መጀመሪያ ሎሚ ቀባሁት፣ ላሰችው። ፕላስተር ጠቀለልኩበት፣ እሱንም ላጠችው። በርበሬ ሞክር ያሉኝ ነበሩ ግን አይኗ ውስጥ ቢገባስ ብዬ ተውኩት። ቁጣማ ጭራሽ አይገባትም።

ከዛ ኤሌክትሪክ እቃ መሸጫ ሄጄ ሽቦ የሚያልፍበትን ጠንካራ ፕላስቲክ ቱቦ ገዛሁና በካተር በቁመቱ ሰንጥቄ ገመዱን ነቅዬ ውስጡ ከተትኩት፣ መሬት የነበረውን ማከፋፈያም 1 ሜትር ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፣ የሶፋውን ጀርባ ክፍተት በጣውላ ዘጋሁ።

ተገላገልኩ ስል ቱቦውን መፋቅ ጀመረች! ለካ ጥርሷ እድሜ ልኳን ስለሚያድግ የሆነ ነገር ማኘክ አለባት። እኔ ካሮትና ጎመን ነበር የማበላት፣ ዋናው ምግቧ ግን ድርቆሽ ነው (የሳሩን ነው የምላችሁ፣ የእንጀራውን አይደለም)። ድርቆሽ ቀን ከሌት እንዳይጎድልባት ሳደርግ በሳምንቱ ገመዱን ረሳችው። ድርቆሹን ሽንት የምትሸናበት ሳፋ ጠርዝ ላይ ስታደርጉላት ደግሞ እየበላች እዛው ትጸዳዳለች፣ ምንጣፌም በዛው ተረፈ።