በጠፍጣፋ ጫፍ ብዕር ፀጉር የመሰለ መስመር እንዴት ይወጣል?

ወፍራሙን የፊደል እግር ማንም ያወጣዋል፤ ጽሑፉን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ቀጭኑ መስመር ነው። ጀማሪዎች ሲወፍርባቸው እጃቸውን ለማቅለል ይታገላሉ። ይህ የሚያዋጣው ጫፉ ሹል ሆኖ ሲጫኑት በሚከፈት ብዕር ነው። በጠፍጣፋ ጫፍ ግን ቅጥነቱን የሚወስኑት የጠርዙ ስለትና ብዕሩ የተያዘበት ማዕዘን ናቸው። ጠርዙ ከደነዘ፣ እጅ የቱንም ያህል ቢቀል መስመሩ አይቀጥንም።

ጠርዙን መሳል

አዲስ የብረት ጫፍ እንዳይዝግ ተቀብቶ ስለሚመጣ ቀለም አይቀበልም። በጥርስ ሳሙና አሽተው ይጠቡትና ያድርቁት። ቀጥሎ ቁጥር 2000 የብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ ዘርግተው ውሃ ያርከፍክፉበት። የጫፉ ጎድጓዳ ሆድ ወደ ላይ፣ ጀርባው ወደ ታች ይሁን። በ30 ዲግሪ አካባቢ አዘንብለው፣ ጠርዙ ከዳር እስከ ዳር ወረቀቱን እንደነካ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ አድርገው ወደ ራስዎ ይጎትቱት። በመጨረሻ በሆዱ በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ነካ ቢያደርጉት የቀረው ፍቅፋቂ ይነሳል።

ከዚያ ጠርዙን በመብራት ስር ፊት ለፊት ይዩት። የሚያብረቀርቅ ቀጭን መስመር ከታየ ገና ደነዝ ነው፤ ብርሃኑ ከጠፋ ተስሏል። ሲጽፉ ወረቀቱን የሚቧጭር ከሆነ ግን ከልክ በላይ ተስሏል፤ ሁለቱን ማዕዘኖች በቀላሉ አንድ ጊዜ ይሞርዷቸው።

ማዕዘኑ

3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጫፍ ይዘዋል እንበል። ጠርዙ ከመጻፊያው መስመር 30 ዲግሪ ካጋደለ አግድም የሚሄድ መስመር 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የጫፉን ግማሽ ይሆናል። በ10 ዲግሪ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ጠርዙ ከመስመሩ ጋር ትይዩ ሲሆን ደግሞ የጠርዙ ውፍረት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ፩ን ወይም ፪ን ሲጽፉ ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞች እንዲቀጥኑ ከፈለጉ፣ ቁጥሩን እንደጨረሱ ብዕሩን አዙረው ጠርዙን ከመስመሩ ጋር ያስተካክሉ። የ30 ዲግሪ አያያዝን ሳይለቁ የሚያገኙት ቀጭን መስመር አንድ ብቻ ነው፦ ከግራ ታች ወደ ቀኝ ላይ፣ በዚያው በ30 ዲግሪ የሚወጣው።

ለልምምድ ማዕዘኑን ሳይቀይሩ እየወረዱ እየወጡ አንድ ሙሉ መስመር ይሥሩ፦ ሲወርዱ ወፍራም፣ ሲወጡ ቀጭን። ቀጭኑ መሐል ላይ ከሰፋ ብዕሩ ዞሯል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የጣት ነው፤ ጣት ሲታጠፍ ብዕሩን አብሮ ያዞረዋል። ክንድዎ በሙሉ ይሂድ።

በጥግ መጎተት

ማዕዘኑ የማይፈቅደው ቦታ ላይ ለሚወጣ ጭራ ሌላ ዘዴ አለ። ወፍራሙን መስመር ጨርሰው ብዕሩን ከማንሳትዎ በፊት ወደ ግራ ያዘንብሉት፤ የቀኙ ጥግ ይነሳል፣ የግራው እርጥቡ ቀለም ውስጥ ይቀራል። ወዲያው ወደሚፈልጉት አቅጣጫ ይጎትቱት። በዚህ ጊዜ ብዕሩ ራሱ ቀለም አያወርድም፤ የሚጎተተው ወረቀቱ ላይ የተኛው ነው። አንድ ትንፋሽ ከዘገዩ ይደርቅና ጭራው ይቆራረጣል። በጣም ረጅም ጭራም አይጠብቁ።

ቀለምና ወረቀት

ቀለሙ የወተት ያህል ይቅጠን። ጉዋሽ (በውሃ የሚበጠበጥ ወፍራም የሥዕል ቀለም) ከሆነ ውሃውን በጠብታ እየጨመሩ ያማስሉት፤ ቶሎ የሚፈረፈር ወይም በጣት የሚለቅ ከሆነ ጥቂት የግራር ሙጫ ብጥብጥ ያክሉበት። ሙጫው ሲበዛ ግን ቀለሙ ይጓተታል። ብዕሩን ቀለም ውስጥ ከመንከር ይልቅ በትንሽ ብሩሽ ከሆዱ በኩል ይሙሉት፤ የተነከረ ብዕር የመጀመሪያውን ቀጭን መስመር በብዛት ያወፍረዋል። ብዕሩ ቀለም መያዣ ቅጠል (ጫፉ ላይ የሚገጠም ቀለም የሚያቁር ትንሽ ብረት) ካለው፣ ቅጠሉ ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ።

የፎቶ ኮፒ ወረቀት ቀለሙን ስለሚመጥ ጠርዝዎ የቱንም ያህል ቢሳል መስመሩ ዳርና ዳሩ ጭረት ያወጣል። ለስላሳና የማይመጥ ወረቀት ይምረጡ፤ ከስሩ ሦስት አራት ወረቀት ቢያነጥፉ ጠርዙ በሙሉ ስፋቱ ያርፋል። ጠረጴዛውን ማጋደልም ይረዳል፦ ብዕሩ ወደ አግድም ሲጠጋ ቀለሙ በቁጠባ ይወርዳል።

በመቃ ለሚጽፉ

ቁም ጽሕፈት በመቃ ብዕር የሚለማመድ ሰው መሞረዱን ይተወውና በስለታም ቢላ ይቁረጥ። ጫፉን ከላይ በኩል አሳስተው፣ ጠንካራና ልሙጥ ነገር ላይ አስደግፈው፣ ቢላውን ቀጥ አድርገው በአንድ ግፊት ይጫኑት። በመጋዝ ዓይነት ወዲያ ወዲህ ከተቆረጠ ጠርዙ ይሸራረፋል፣ ቀጭኑም መስመር ሁለት ሆኖ ይወጣል። መቃ ሲርስ ይለሰልሳል፣ ሲጻፍበትም ቶሎ ይደንዛል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቆርጠው ያዘጋጁና መስመሩ መወፈር ሲጀምር ይቀይሩ።